ማሲንቆ፣ ኮምፒውተርና የአንዲት ልጅ ድምፅ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ በምኖርበት ጊዜ ቀን ቀን ለልጆች ፒያኖ አስተምር ነበር። የተረፈኝን ሰዓት የማሳልፈው ማንም ሥራ ብሎ በማይጠራው ነገር ላይ ነው። ድምፅ እቀርጻለሁ፤ የቀረጽኩትን በኮምፒውተር እለጥጠዋለሁ፣ እበጣጥሰዋለሁ፤ ከዚያ በላዩ ላይ ሰው በእጁ የሚጫወተው መሣሪያ አስገባበታለሁ። ለጎረቤቶቼ ሬዲዮ ጠጋኝ እመስላቸው ነበር። አንዲት ሶማሌ ጎረቤቴማ የተበላሸ ካሴት ማጫወቻዋን ሦስት ጊዜ አመጣችልኝ። በሦስተኛው ተናድጄ ጠገንኩላት።

ማሲንቆ የሚጫወትልኝ ወዳጄ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጭነት እስኪደርሰው ወደብ ላይ ሦስት አራት ቀን ሲያስጠብቁት ማሲንቆውን ከወንበሩ ኋላ ያወጣና እኔ ዘንድ ይመጣል። በዚያ ወበቅ ጭራው እየላላ ያስቸግረዋል፤ እሱ ግን የሚያማርረው በእኔ ኮምፒውተር ነበር። «ይሄ ነገር ሆዱን ያመዋል እንዴ? ምን ያቃስተዋል?» ይለኛል። ቢሆንም ካገሩ አዝማሪ ሁሉ ይልቅ ጆሮ ያለው እሱ ነው፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሬው አላውቅም፣ ይጠግባል።

ግቢያችን ውስጥ ወደ የመን ለመሻገር ተራ የሚጠብቁ ልጆች ይከርሙ ነበር። ከእነሱ አንዷ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። እናቷ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ለሾፌሮች ቁርስ ትሸጣለች፤ ልጅቱም እዚያው ሳህን ስታነሳ ስላደገች በዚያ መስመር የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ያውቃታል። ልብስ ስታሰጣ ታንጎራጉራለች። ድምፅዋ ወፍራም፣ ትንሽ የሻከረ፣ ለራሷ ብቻ የምታዜም ዓይነት ነው። ልቅረጽሽ ብላት ሳቀች።

«ጋሼ፣ የኔ ድምፅ ምን ይሠራልሃል? ቅረጸው፤ አያልቅብኝ!»

የተቀረጸውን በጆሮዋ ሳሰማት፣ «ውይ! እንዲህ ነኝ እንዴ?» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ከሳምንት በኋላ ከሌሎቹ ጋር የየመን ጀልባ በሚነሳበት በኦቦክ በኩል ወጣች። ስትደርስ እንድትደውል ስልኬን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት።

አራት ወር አልደወለችም። እኔ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ስለ እሷ ከማሰብ ይልቅ በድምፅዋ ተጠምጄ ነበር። ከዘፈኗ «እናቴ» የምትለዋን አንዲት ቃል አወጣሁና አንድ ደቂቃ ሙሉ እስክትፈጅ ለጠጥኳት። ቃሏ ተስባ ተስባ ወደ ጭስነት ልትቀየር ስትል ማሲንቆው ከሥር ይቀበላታል። በሕይወቴ ከደረስኳቸው ድርሰቶች ሁሉ እሱ ይበልጥ ነበር። ያለ ሐፍረት ነው የምናገረው።

ራስ ዲካ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ተፈቀደችልን። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፈረንሳዮቹና አስተማሪዎቹ ከፊት ተቀመጡ። ወዳጄ የጋበዛቸው አሥር የሚሆኑ ሾፌሮች ሸሚዛቸውን ቀይረው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ከኋላ ተደረደሩ። እኔ ተነስቼ ድርሰቱ እንዴት እንደተሠራ፣ ድምፅዋ የማን እንደሆነ፣ ልጅቱ ባሕር ተሻግራ ሥራ ፍለጋ እንደሄደች በፈረንሳይኛ አስረዳሁ። ፈረንሳይኛ ለማያውቁት ሾፌሮች ያንኑ በአማርኛ መድገም ነበረብኝ። ቶሎ መጀመር ፈለግሁና አልደገምኩትም።

መብራቱ ተቀነሰ። ድምፅዋ ከአራቱም ማዕዘን መጣ። ወዳጄ ዓይኑን ጨፍኖ ማሲንቆውን መታው፤ እንዲያ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። ዞር ብዬ ከኋላ የተቀመጡትን ባይ ሾፌሮቹ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። አንዱ ግንባሩን በመዳፉ ይዟል፤ ሌላው በግልጽ ያለቅሳል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ ጮቤ ረገጠ! «ያዝኳቸው» አልኩ በሆዴ። ሲያልቅ አንድ በአንድ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ጨበጡኝና ወጡ። እኔ ሙዚቃው አፋቸውን የዘጋው መስሎኝ ነበር። ወዳጄም በዚያው ምሽት ጭኖ በአዋሽ በኩል ወደ አዲስ አበባ ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ማሲንቆውን አልያዘም። በሬ ላይ ቆሞ «ጉድ ሠራን» አለኝ።

ሾፌሮቹ ድምፅዋን ገና በመጀመሪያዋ ትንፋሽ ለይተውት ኖሯል። ልጅቱ ባሕር ከተሻገረች ወዲህ ወሬዋ እንደጠፋ ከእናትየው ሰምተዋል። ታዲያ መብራት ቀንሰን፣ ማሲንቆ እያስለቀስን፣ በሌለችበት «እናቴ» እያስባልናት ሌላ ምን ይምሰላቸው? ሙሾ ነው ብለው ሰሙት። በሐዘን ላይ «እንዴት ሆና ሞተች?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ የደህና ሰው ወግ አይደለም፤ ስለዚህ አልጠየቁኝም። መርዶም በስልክ አይነገርም። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሁለቱ ኮምቦልቻ ሲደርሱ መኪናቸውን አቁመው፣ ጎረቤት ቀስቅሰው፣ ጎህ ሳይቀድ እናትየው በር ላይ እንደ ወጉ አረዱ። ድንኳን ተጣለ።

ክንዱን ያዝኩት። «አልሞተችም ብለህ አልነገርካትም?»

«ሄጄ ነገርኳት እንጂ! ‹አይተሃታል?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

የእናትየውን ስልክ ተቀብዬ ራሴ ደወልኩ። ድምፅዋ ከልጅቱ ድምፅ ጋር አንድ ነው፤ የሻከረው እንኳ ያው ነው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት።

«ልጄን በማሽን ያስቀመጥካት አንተ ነህ?»

«እማማ፣ ልጅዎ አልሞተችም። ሰዎቹ ተሳስተው ነው። ሙዚቃ ነው፤ ድምፅዋን የቀረጽኩት በደህናዋ ቀን፣ ልብስ ስታሰጣ ነው።»

«በሕይወት መኖሯን ማልልኝ።»

አልማልኩም። በምን አውቄ? በዚያ ባሕር ስንቱ እንደቀረ እኔው አውቃለሁ። እሷም «ይበቃል ልጄ» ብላ ዘጋችው። ልጄ አለችኝ እኮ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልጅቱን መፈለግ ሥራዬ ሆነ። ከኦቦክ የሚመለሱ ጀልባ ነጂዎችን ጠየቅሁ። ከየመን ተመልሳ ከከተማው ዳር ባልባላ፣ ዋራበሌ ሰፈር የምትኖር ሴት አለች ቢሉኝ በፀሐይ ሄጄ አገኘኋት፤ አታውቃትም። ከፈረንሳዮቹ አንዱ ድርሰቱን እንድንደግመው ሲለምነኝ ያለ ጥፋቱ ጮህኩበት። ፋይሉን መክፈት አቅቶኝ ነበር። ድምፅዋ የሞተ ሰው ድምፅ እየመሰለኝ መጥቶ ነበር፤ ኋላ ኋላ እኔም ከሾፌሮቹ ጋር አለቀስኩ ማለት ነው።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ቀን በቀትር፣ ከተማው በር ዘግቶ በተኛበት ሰዓት፣ የየመን ቁጥር ደወለ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«የት አባሽ ጠፍተሽ ነው!» አልኩና በአንዴ እንባዬ መጣ። ሰንዓ ሰው ቤት ተቀጥራ፣ አሠሪዋ ስልክ ከልክላት ኖሯል። የሆነውን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። አሁኑኑ እናትሽ ዘንድ ደውዪ አልኳት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መልሳ ደወለች። እናትየው «እማዬ» የምትለውን እንደሰማች «ይህን ማሽን ዝጉልኝ!» ብላ ጮኻ ቆርጣዋለች። ሦስቴ ብትደውል ሦስቴም ዘጋችባት። «ጋሼ፣ እናቴን ቀማኸኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ደግነቱ ወዳጄ በዚያ ሳምንት ጭነቱ ለኮምቦልቻ ነበር። ልጅቱ በእሱ ስልክ እንድትደውል ቀንና ሰዓት ተቀጣጠርን። ቀጥሎ ያለውን የነገረኝ እሱ ነው።

እናትየው ጥቁር ለብሳ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት ጎረቤቶች አብረዋት አሉ። ስልኩ ሲጮኽ ወዳጄ ድምፁን ከፍ አድርጎ መሐል አኖረው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ልጅቱ።

«ማሽኑ ይህንኑ ነው አሉ ሲደጋግም የሚውለው» አለች እናት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

ልጅቱ ማለች፣ ለመነች፣ አለቀሰች። እናትየው አልዞረችም። በማሽን የሚዘፍን በማሽን ቢያለቅስ ምን ይገርማል? ወዳጄ «በቃ፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር» አለኝ። ያን ጊዜ አንደኛዋ ጎረቤት አዝና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ልጄ፣ እናትሽ ላይ አትፍረጂ። ለነፍስሽ ብላ ልብስሽን እንኳ ሳይቀር መጽውታልሻለች።»

«ምን? ልብሴን?» አለ ስልኩ። «የቱን ልብሴን?»

«ሁሉንም።»

«አረንጓዴውን ቀሚሴንም? ሁለቴ እንኳ ያልለበስኩትን? ለማን ሰጠሽብኝ እማዬ?»

«ከማዶ ላለችው ልጅ ነው» አለች ጎረቤቷ።

«ለዚያች ወፍራም? ትተረትረዋለች እኮ! ምን ነካሽ እማዬ፣ ሳትጠይቂኝ!»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ! የሰው ልጅ እንዲህ አይባልም!» አለች እናት ከመደቡ። ተናግራ ስትጨርስ ነው የተናገረችውን የሰማችው። ዞረች። ስልኩን በሁለት እጇ አነሳችው። ልጅቱ ከዚያ ወገን አሁንም ስለ ቀሚሱ ትነጫነጫለች፤ አላቆመችም፤ ሂሳቧ አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ እየተነጫነጨች ነበር።

እናትየው ስልኩን መደቡ ላይ አኖረችው ይላል ወዳጄ። ለሐዘን ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ፣ በባዶ እግሯ መንገዱን አቋርጣ ማዶ ያለውን በር አንኳኳች።

«ቀሚሱን መልሱልኝ» አለች፤ «ባለቤቷ ፈልጋዋለች።»