ወይዘሮ መስመርና የፓርኩ ዳር ደንብ

በከተማው ፕላን መሥሪያ ቤት በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ኃላፊው ድረስ «ወይዘሮ መስመር» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት ገና ጀማሪ አርክቴክት ሳለች ነው። አንድ ባለ ሕንፃ በረንዳውን ወደ መንገዱ ትንሽ ገፋ አድርጎ ለመሥራት ሲለማመጣት፣ «ጌታዬ፣ መስመር መስመር ነው፤ ትንሽ የሚባል ማለፍ የለም» አለችው። ሰውየው እየሳቀ ወጣ፤ ስሙ ግን ቢሮው ውስጥ ቀረ። መጀመሪያ ቅር አላት፣ ኋላ ለመደችው፣ ውሎ አድሮም ወደደችው። አሁን ስልክ ስታነሳ ራሷ «መስመር ነኝ» ትላለች፤ የማያውቃት ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ትልቁ ሥራዋ የመጣላት ጸጉሯ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ኃላፊው በዕድሜ የሚያንሳት ቀጭን ሰው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ ቆመና፣ «ወይዘሮ መስመር፣ የፓርኩ ዳር ደንብ ይከለስ ተብሏል። ከእርስዎ ሌላ የሚሠራው ሰው አልታየኝም» አላት።

ፓርኩ በከተማው መሀል የተንጣለለ፣ ከአንዱ ጫፍ ቆመው ሌላው ጫፉ የማይታይ ሰፊ ሜዳና ዛፍ ነው። በዙሪያው ምን ዓይነት ቤት እንደሚሠራ የሚወስነው ደንብ ግን የወጣው አካባቢው ገና የጎመን ማሳ በነበረበት ዘመን ነው። ስለ ፎቅ ቁመት ጥቂት ይላል፤ ቤቱ ፊቱን ወዴት ያዙር ለሚለው አንድም ቃል የለውም። ስለዚህ ሁሉም እንደመሰለው ሠራ። ሁሉም ፊቱን ለአስፋልቱ፣ ጀርባውን ለፓርኩ ሰጠ። በዛፎቹ ሥር የሚሄድ ሰው የሚያየው የብሎኬት አጥር፣ ስባሪ ጠርሙስ የተተከለበት ግንብ፣ የጄኔሬተር ጭስ ማውጫና የቆሻሻ ገንዳ ነው። ከየትም መስኮት የሚያይ ዓይን ስለሌለ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሴቶች በዚያ ማለፍ ትተዋል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች የጠዋቱን ፀሐይ እየጋረዱት ሳሩ ሳስቶ ሳስቶ አፈር ሆኗል።

ወይዘሮ መስመር ሥራውን የጀመረችው በእግሯ ነው። የፓርኩን ዳር እየዞረች አጥር ነካች፣ ፎቶ አነሳች፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥላው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ተከታተለች። ከዚያ ረቂቁን ጻፈች። አጥር ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያሳይ ይሁን፤ ምድር ቤቱ ወደ ፓርኩ በርና መስኮት ይኑረው፤ ሕንፃው ከፍ ባለ ቁጥር ላይኛው ፎቅ እንደ ደረጃ ወደኋላ እያለ ለሳሩ ፀሐይ ይልቀቅ።

«ጥሩ ነው» አለ ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ።

«አንድ ችግር አለ» አለች። «የአባቴ ቤት እዚያው ዳር ነው። ወንድሜም ሊገነባበት ፕላን አሠርቷል።»

ኃላፊው ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እንኳን ነገሩኝ። የእናንተ ይዞታ ጉዳይ ሲመጣ ሌላ ሰው አይቶ ይፈርማል፤ ይህንንም ቃለ ጉባኤ ላይ እናሰፍረዋለን። ደንቡን ግን እርስዎ ይጨርሱት።»

ከቢሮው በኩል ነገሩ በዚህ አለቀ። የቤቱ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

አባቷ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ከፓርኩ በምሥራቅ በኩል፣ ጠባብና ረጅም በሆነ ግቢ ውስጥ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ይኖራሉ። ወንድሟ የሥራ ተቋራጭ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሕንፃ ሲሠራ ኖሮ አሁን ለራሱ ስምንት ፎቅ ሊያቆም ቋምጧል። እሑድ ምሳ ተበልቶ እንዳበቃ ሻዩን ገፋ አደረገና፣

«እህት ዓለም፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አላት።

«ምን ጋሼ?»

«ያ ደንባችሁ ትንሽ ይቆይ። እኔ ፈቃዴን ላውጣ፤ ከዚያ እንደፈለግሽ አጥብቂው።»

«እሱን እንኳ ተወው።»

«ምኑን ነው የምተወው? ባዕድ ለመንኩ እንዴ? የእናቴን ልጅ እኮ ነው!»

«የእናትህ ልጅ ስለሆንኩ ነዋ የማልችለው! ለአንተ ብዬ ያዘገየሁትን ደንብ ነገ ሌላው ላይ በየትኛው ዓይኔ ነው የምጭነው?»

«እውነት ነው፣ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» አለ ወንድሟ ወደ አባታቸው ዞሮ። «አየህ አባባ? አስተምረህ አስተምረህ፣ በመጨረሻ እኛኑ ልትከለክል!»

አባትየው ስኳራቸውን እያማሰሉ ቆዩና፣ «አውቶቡስ ውስጥ አንድ ዓይነት ሰው አለ» አሉ። «ደጅ ቆሞ ሳለ ‹ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ እናንተ ብቻ ናችሁ ወይ ሰው!› ይላል። አንድ እግሩ ከገባ በኋላ ‹ሞልቷል፣ ንዳው!› የሚለውም እሱው ነው።»

እሷን ሳቅ አመለጣት። ወንድምየው ግን አልሳቀም። ብድግ ብሎ ወጣ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ስልኳን አላነሳ አለ። አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ እሱ በጓዳው በር ይወጣል። እሷም እልኸኛ ናትና አልለመነችውም፤ ግን ከፓርኩ ስትመለስ የአባቷ በር ጋ ስትደርስ ቆም ትል ነበር።

ረቂቁ ለነዋሪው የቀረበው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ወንበሩ ሞልቶ ሰው በግድግዳው ጥግ ቆሟል። ወይዘሮ መስመር ሥዕሎቹን እያሳየች አስረዳች። አንዲት ነርስ እጇን አውጥታ፣ «እኔ ከሥራ ስወጣ በፓርኩ በኩል ብሄድ ቤቴ ቅርብ ነው። ግን ያንን ግንብ ለግንብ መንገድ ስለምፈራው ሁልጊዜ በአስፋልቱ ዞሬ ነው የምገባው። መስኮት ይኑር ካላችሁ እኔ ከናንተ ጋር ነኝ» አለች። ተጨበጨበላት። ቀጥሎ ከኋላ ወንበር የተነሳው ወንድሟ ነበር።

«ባለሙያዋ ያሳዩን ሥዕል ያምራል» ብሎ ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ «አንቺ» ሲላት የኖረ አፉ ዛሬ «እሳቸው» አላት። «ግን የሣሉት በሰፊ ቦታ ላይ ነው። እንደ እኛ ጠባብ ይዞታ ላይ በየፎቁ ወደኋላ ስንል፣ አራተኛው ላይ ስንደርስ የሚተርፈው ደረጃውና አሳንሰሩ ብቻ ነው። ታዲያ ሰው የት ይኑር? አሳንሰር ውስጥ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የእሷ ፊት እንደ እሳት ነደደ። «ደንብ ለሁሉም እኩል ነው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ከቢሮ ባልደረቦቿ በቀር ያጨበጨበላት የለም።

በማግሥቱ ጠዋት ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፋች። ወንድሟን አፉን ላስይዘው ብላ የአባቷን ግቢ ልኩን አውጥታ ሣለችው። በራሷ ደንብ መሠረት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ፎቅ እያለች ከፍ አደረገችው። አራተኛው ላይ እርሳሷ ቆመ። እንዳለው ነው፤ ደረጃና አሳንሰር ብቻ ተረፈ። ሌላ አቅጣጫ ሞከረች፤ ያው ነው። ካርታውን ዘርግታ የምሥራቁን ዳር ስታይ ደግሞ የሚበዛው ግቢ እንዲሁ ጠባብ ነው። ይህ ደንብ እንዲህ ሆኖ ከወጣ ባለ ጠባብ ግቢዎቹ መገንባት ያቅታቸውና ለትልልቆቹ ሸጠው ይወጣሉ፤ ትልልቆቹም ቦታውን አንድ ላይ ጠቅልለው ያንኑ ግዙፍ ሕንፃ ያቆማሉ። ልትከላከለው የወጣችውን ነገር ራሷ በር ከፍታ ልታስገባው ነበር። እልህ ነው እርሳሱን ያስነሳት፤ አሁን ግን እልሁ ውሃ ሆኖ ሌላ ስሜት መጣባት፤ ወንድሟ ናፈቃት።

ሳትደውልለት ሄደች። ሌላ ሰፈር ኮንክሪት እያስሞላ አገኘችው፤ የራስ ቁሩን አድርጎ ከሲሚንቶ ማቡኪያው ሚክሰር አጠገብ ቆሟል።

«ትናንት ልክ ነበርክ!» አለችው።

«ምን?» አለ ጆሮውን አዙሮ።

«ልክ ነበርክ አልኩህ!»

«ሚክሰሩ ይጮኻል፣ አልሰማሁም! ድገሚው!»

ሠራተኞቹ መሳቅ ጀመሩ። እሷም ወገቧን ይዛ እንደገና ጮኸች። ያን ጊዜ እጁን ለኦፕሬተሩ አወዛወዘ፤ ሚክሰሩ ዝም አለ።

«ግን ልክ የሆንከው በግማሽ ነው» አለችው።

«እሱንማ አውቃለሁ። አንቺ መቼ ሙሉ ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?» አለና ሊያመልጠው የነበረውን ሳቅ በእጁ ከለለ። «ነይ ሻይ እንጠጣ።»

በቀጣዩ እሑድ ጠዋት ገመድና ችካል ይዘው የአባታቸው ግቢ ውስጥ ተገናኙ። ለክተው ሲጨርሱ ወንድምየው፣ «እሺ፣ ይህ ሁሉ ስለ ጥላ የምትሉት ነገር፣ ያን ያህል ነው?» አላት።

«ናና በዓይንህ እየው።»

«እኔም እመጣለሁ» አሉ አባታቸው ከዘራቸውን እየፈለጉ።

ፓርኩ ከግንባቸው ማዶ ነው፤ የቅጠሉ ድምፅ ይሰማል። በር ግን የለም። በግቢው በር ወጥተው፣ አስፋልቱን ይዘው፣ ትልቁን የመኪና ማቆሚያ አልፈው፣ ገበያውን ዞረው ነው የሚደረሰው። ገና ገበያው ጋ ሲደርሱ አዛውንቱ ትንፋሽ አጠራቸው። አንድ ሱቅ ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ ተነሱ፤ እንደገና ተቀመጡ። ወንድምየው ክንዳቸውን ይዞ አብሯቸው ሄደ። በመጨረሻ ፓርኩ ውስጥ ገብተው ወንበር ላይ ሲያርፉ፣

«አባባ፣ እዚህ መጨረሻ የመጣኸው መቼ ነው?» አላቸው።

«እናታችሁ እያለች» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ልጃቸው ከእሳቸው ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖረው፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም ነበር። ቀና ብሎ አየ። ከፊታቸው የሰፈሩ አንድ ረጅም ሕንፃ ጥላ ሜዳው ላይ ተጋድሟል። ሰዎች ሁሉ ከጥላው ወዲያ ፀሐይ ባለበት ሳር ላይ ተሰብስበው ይጫወታሉ፤ ጥላው ውስጥ ያሉት እነሱ ሦስቱ ብቻ ናቸው። አባትየው ኮታቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ወንድምየው ስንጥር አንስቶ መሬቱ ላይ መሣል ጀመረ። «ቦታውን የሚበላው ደረጃውና አሳንሰሩ ነው አይደል? ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ላይ ቢሠሩ አንድ ደረጃ፣ አንድ አሳንሰር ለሁለቱም ይበቃል። ያን ጊዜ እኔም ወደኋላ ብል አልጎዳም። ስምንቱ ቀርቶ ስድስት ይሁን።»

እሷ ስንጥሩን ከእጁ ወሰደችና በሁለቱ ሕንፃዎች መሀል፣ በምድር ቤቱ በኩል፣ ቀጭን መንገድ ጨመረች፤ ከአስፋልቱ ቀጥ ብሎ ፓርኩ ውስጥ የሚገባ።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«መተላለፊያ ነው፤ ለማንም ሰው ክፍት የሆነ። እኔ ለጠባብ ግቢዎች ደንቡን ካላላሁ፣ እናንተስ ለመንገደኛው ምን ትሰጣላችሁ?»

«ይኸው!» አለ ወደ አባቱ ዞሮ። «አንድ ስትሰጣት ሁለት ትጠይቃለች!»

«በእናቷ ወጥታ ነው» አሉ አዛውንቱ።

ሰኞ ወይዘሮ መስመር ሁሉንም ለኃላፊው ነገረችው፤ ሐሳቡ የወንድሟ መሆኑንም አልደበቀችም። ኃላፊው ግንባሩን አሻሸና ጉዳዩን ሌላ አርክቴክት አይቶ እንዲመዝነው ሰጠ። እሷም ሌሎቹን ባለ ጠባብ ግቢዎች አንድ በአንድ እየጠራች አነጋገረች። ገሚሶቹ፣ የወንድሟ ጎረቤት ጭምር፣ ተስማሙ፤ ገሚሶቹ «ከጎረቤቴ ጋር አንድ ደረጃ ከምወጣ በገመድ ብንጠለጠል ይሻለኛል» አሉ። የከተማው ምክር ቤት በመጨረሻ ደንቡን ሲያጸድቅ የፈለገችውን ሁሉ አላገኘችም። በምዕራብ በኩል ከጠየቀችው በላይ ከፍታ ፈቀዱ፤ ድሮ የተሠራውም ግንብ ባለቤቱ እንደገና እስኪገነባ ድረስ እንዳለ ይቆይ ተባለ። አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈች። ከዚያ ግን መተላለፊያው መጽደቁን፣ የምድር ቤቱ በርና መስኮት መጽደቁን፣ ለሳሩ ፀሐይ መፈቀዱን እያሰበች ቀስ በቀስ ፊቷ ተፈታ።

የወንድሟንና የጎረቤቱን ማመልከቻ ሌላ ባለሙያ መርምሮ ፈረመ። መጀመሪያ የፈረሰው የኋላው ግንብ ነው። ሕንፃው ገና መሠረቱ ሳይወጣ አባትየው በተከፈተው በኩል እየተሻገሩ ጠዋት ጠዋት ፓርኩ ውስጥ መቀመጥ ጀመሩ፤ እዚያም የድሮ ተሳፋሪዎቻቸውን አገኙ፤ «መቆሚያዬን አሳልፈኸኛል» ብሎ እስከ ዛሬ ቂም የያዘ ሰውም አልጠፋም።

ወንድምየውስ? ከተቋራጭ ጓደኞቹ መሀል ደንቡን አንብቦ የጨረሰ እሱ ብቻ ስለሆነ አዋቂ ሆኖ ቁጭ አለ። አንድ ቀን ወይዘሮ መስመር ልትጎበኘው ግንባታው ቦታ ብትሄድ፣ ሦስት ተቋራጮችን ሰብስቦ ስለ ምድር ቤት መስኮት ሲያስተምር ደረሰች።

«እዚህ ጋ እንኳ ተሳስተሃል፣ ጋሼ» አለችው። «ደንቡ እንዲህ አይልም።»

«አንቺ አርፈሽ ቁጭ በይ» አላት ሳይዞር። «መጀመሪያ እኔ የምለውን አዳምጪ፤ ከዚያ ትጠይቂያለሽ።»

ብሎኬት ስባ ተቀመጠችና አዳመጠች።