የሦስተኛው ዙር ፍርድ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች አንድ ስልክ ለሁለት ይዘው ስለ አንድ የዓለም የቦክስ ሻምፒዮን ይከራከሩ ነበር። አንደኛው «ያ ሰውዬ በግልጽ በልጦት ነበር፤ ዳኞቹ ናቸው የሰጡት» ይላል፤ ሌላው «ሻምፒዮን በጭረት አይወርድም፣ መጣል ነበረበት» ብሎ ይመልሳል። ጥቂት ቆይተው ቀጥሎ ከማን ጋር ይግጠም ወደሚለው ተሻገሩና እዚያም ላይ ሳይስማሙ ቀሩ። ከሁለቱ የአንደኛው ትከሻ የታሸበት ቅባት ሽታ፣ ያ አፍንጫን የሚያቀዘቅዝ የሜንቶል ሽታ፣ መኪናውን ሞልቶት ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ወጣቶቹ ወርደው ሄደዋል፤ እኔ ግን በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ አልነበርኩም፤ በድሮው የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። መንግሥት ከተለወጠ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ቡታጅራ ገና ባጃጅ አላወቀችም፤ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ የምንሄደው በጋሪ ነበር፤ ዝናብ ሲያባራ ከአፈሩ የሚነሣው እንፋሎትና የፈረሶቹ ላብ አንድ ላይ ሆኖ የከተማው ሽታ ያ ነበር። በቪዲዮ ቤቶቹ የታየ አንድ ፍልሚያ በሳምንቱ በየሰፈሩ ይደገማል፤ ልጁም ጎልማሳውም ጡጫውን አገጩ ሥር አድርጎ እየተሽሎከለከ ይሄዳል። የቀበሌው አዳራሽ የቦክስ ቤት የሆነው በዚህ ትኩሳት ነው። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ አቁመው የጭነት መኪና ገመድ አዞሩበት፤ ጭድ የተሞሉ ጆንያዎች አነጠፉና በላያቸው ሸራ ወጠሩ። ተጋጣሚዎቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይሰምጡ ነበር፤ በተራመዱ ቁጥር ከስፌቱ የሚወጣው የጭድ ብናኝ በመስኮቱ በሚገባው የከሰዓት ብርሃን ውስጥ እየተንሳፈፈ ይቆያል፤ እኔ ቦክስን የማስታውሰው እንደ ጠብ ሳይሆን እንደዚያ ወርቃማ ብናኝ ነው። ደወሉ የመኪና ቸርኬ ነበር። ጓንት ሁለት ጥንድ ብቻ ስለነበረ አንዱ ጥንድ ተጋጣሚ ገጥሞ ሲወጣ ቀጣዮቹ እርጥቡን ይቀበላሉ።

ይህን ሁሉ ያቋቋመው አባቴ ነው። ከተማው ሁሉ ቲቸር ነስሩ ይለዋል። የሒሳብ መምህር ነበር፤ በተማሪነቱ አዲስ አበባ ቦክስ ተምሯል፤ ለዚህም ምስክሩ ወደ ግራ ያዘነበለ አፍንጫው ነበር። ግማሽ ነጥብ ለማንም አይጨምርም። እኔ ራሴ፣ የገዛ ልጁ፣ አርባ ዘጠኝ ተኩል አምጥቼ ወድቄበታለሁ፤ ያን ቀን ሰላምታዬን ከልክዬው ብሄድ «ሩቂያ፣ ግማሿን የት ጣልሻት?» ብሎ በፍቅር ጠየቀኝ እንጂ አልጨመረልኝም።

የአባቴ ዓይን ማረፊያ ብርሃኑ ነበር። ከአያቱ ጋር የሚኖር፣ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ አባቴ ጓንት ያጠለቀለት፣ ከራሱ ቤት ይልቅ በእኛ ቤት ብዙ ጊዜ ምሳ የበላ ልጅ ነው። ሲስቅ ድምፁ ከአጥር ውጭ ይሰማል። በሃያ ዓመቱ የዞኑ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሻምፒዮንነቱም አንድ አረንጓዴ ቱታ አስገኘለት፤ ያን ቱታ ሳይለብስ የታየበት ቀን ካለ እኔ አላየሁም።

በዚያ ዓመት ሻምፒዮንነቱን ሊነጥቀው ከወልቂጤ አንድ ልጅ መጣ። ሰይፉ ይባላል። ቀጭን፣ እጀ ረጅም፣ ዝምተኛ ነው፤ አዳራሹ ሙሉ ሲጮኽበት እንኳ ቀና ብሎ አላየንም። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ከወልቂጤ አንድ፣ ከሆሳዕና አንድ፣ ከእኛ ደግሞ አባቴ።

እኔ ከቸርኬው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። የመጀመሪያው ዙር የብርሃኑ ነበር፤ ሁለተኛው እኩል ሊባል ይችላል። በሦስተኛው ግን የሰይፉ ግራ እጅ ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ ሆነች፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ብርሃኑ ትልልቅ ቡጢ ይሰነዝራል፤ በሰነዘረ ቁጥር አዳራሹ «እሰይ!» ብሎ ይነሣል፤ አብዛኛው ቡጢ ግን የሚያርፈው ብናኙ ላይ ነበር። ቸርኬው ሲመታ ብርሃኑ ገመዱን ይዞ ቆመ፤ ሰይፉ ደግሞ እንደ አመጣጡ ሆኖ ወደ ጥጉ ሄደ።

ወረቀቶቹ ተነበቡ። የወልቂጤው ዳኛ ለሰይፉ፤ የሆሳዕናው ለብርሃኑ። የመጨረሻው የአባቴ ነበር። ለብርሃኑ ሆነ። አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። ብርሃኑን በትከሻ ተሸክመው ሲወጡ ሰይፉ ጓንቱን በጥርሱ እየፈታ ብቻውን ቆሞ አየሁት።

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ። የክርክሩ ሸንጎ የልብስ ሰፊው የጋሽ ሙዘሚል በረንዳ ነበር። ቤታችንም ከዚያ ፊት ለፊት ስለነበረ ግቢ ውስጥ ሆኜ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ። አንዱ «ሦስተኛው ዙር ላይ ልጃችን ተቀጥቅጧል፤ እንዋሽ እንዴ?» ሲል ሌላው ይነሣና «ቲቸር ነስሩ እኮ ነው የፈረደው! ለገዛ ልጁ ግማሽ ነጥብ ያልጨመረ ሰው ለማን ብሎ ይዋሻል?» ይላል። ክርክሩ በየቀኑ የሚዘጋው በአባቴ ስም ነበር። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ተጋጣሚ ያልፋሉ። ገሚሱ ከሆሳዕና አንድ ግራኝ ፖሊስ ይምጣ ይላል፤ ገሚሱ ከቆሼ ሁለት ጆንያ በርበሬ በአንድ ትከሻ የሚያነሣውን ወዛደር ይመርጣል፤ «ቡጢው አይደለም የሚያስፈራው፣ ልብሱ ላይ ያለው በርበሬ ነው፤ ብርሃኑ ሲያስነጥስ ነው የሚሸነፈው» እየተባለ ይሳቃል። «ከወልቂጤው ልጅ ጋር ለምን አይደግሙትም?» የሚለው ጋሽ ሙዘሚል ብቻ ነበር፤ እሱንም «አንተ ስፌትህን ስፋ!» ይሉታል።

በፍልሚያው ማግስት ምሳ ላይ ነው ከአፌ ያመለጠኝ።

«አባ፣ ያሸነፈው ያኛው ልጅ ነው።»

እናቴ «አንቺ ደግሞ ስለ ቡጢ ምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አባቴ ግን የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። አልተቆጣም። እጁን ታጥቦ ወጣ፤ ለሦስት ቀን ከሰላምታ በቀር ቃል አልተናገረኝም። በአራተኛው ቀን፣ ከከሰዓቱ የአስር ሰላት በኋላ፣ ግቢያችን ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ጠራኝና «ሦስተኛውን ዙር ንገሪኝ» አለ። ነገርኩት። በቃል ሲያቅተኝ ተነሥቼ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ አንዴ ሰይፉን አንዴ ብርሃኑን ሆኜ አሳየሁት። እሱ በእንጨት መሬቱ ላይ እየጫረ ቆጠረ። ስጨርስ ጭረቶቹን ብዙ ጊዜ አያቸው።

«እኔ ያየሁት ብርሃኑን ብቻ ነው» አለኝ። «የእሱን ምት ቆጠርኩ። የሌላውን ልጅ እጅ ጭራሽ አላየሁም። ወላሂ፣ ሆን ብዬ አልነበረም።»

ከዚያ እንደ ትምህርት ቤት ሥራ አድርጎ «ቅዳሜ ወልቂጤ እንሄዳለን፤ አንቺም ትሄጃለሽ» አለኝ።

ከቡታጅራ ወልቂጤ ለመሄድ በዚያ ዘመን በመካከል የተጋደመው ተራራ እንደ ልብ አያሳልፍም ነበርና በአዲስ አበባ ዞረን ነው የሄድነው። በንጋት ተነሥተን፣ አውቶቡስ ለውጠን፣ የተራራውን ሌላ ጎን እንደ ሌላ አገር እያየሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ሰይፉን ያገኘነው በሚሠራበት ዳቦ ቤት ነው። እስከ ክርኑ ሊጥ ውስጥ ነበር። አባቴን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አለ አባቴ ከልማዱ የተነሣ፤ ከዚያም አላቅማማም። «ልጄ፣ ያሸነፍከው አንተ ነህ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

ሰይፉ ሳቀ። ከዚያ በሊጣሙ እጁ ዓይኑን ሸፈነ፤ ሲያነሣው ፊቱ ላይ ዱቄትና እንባ ተለውሶ ነበር። «ቲቸር፣ እኔኮ ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር» አለ። «ያረፉት እጆቼ ያላረፉ ይመስለኝ ጀምሮ ነበር።»

በዚህ አላበቃም። እናቱ እዚያው አጠገብ ጉብሬ ነው የምትኖረው፤ ለእሷም እንድንነግርለት ለመነን። እስኪመሽ ሳንቆይ ሄድን። እናቱ እትዬ ወርቄ ከእንሰቱ መካከል ወጥታ ተቀበለችን። እሷ በቸሃ፣ አባቴ በመስቃን ጉራጊኛ እየተናገሩ ግማሽ በግማሽ ተግባቡና የቀረውን በአማርኛ ጨረሱት። አባቴ የመጣበትን ሲነግራት ግን እንደ መስከረም ሰማይ የነበረው ፊቷ ጠቆረ። ለካ ሰይፉ ከተሸነፈ ቦክሱን ትቶ አዲስ አበባ አጎቱ ሱቅ ሊገባ ቃል ሰጥቷት ኖሯል።

«እኔ በመሸነፉ አምላኬን አመስግኜ ነበር» አለችው። «ፊቱ ሳይጠፋ ተረፈልኝ ብዬ ነበር። አንተ ምን ልታደርግ መጣህ? እንቅልፌን ልትወስድ?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። «እህቴ፣ ልጅሽ የሠራውን ሥራ ነው የሰረቅኩት። መመለስ ነበረብኝ። ከተመለሰ በኋላ የሚሆነውን ግን አላውቅም።»

ከዚያ ተነሥታ ገባች። ከሰላምታችን ማንነታችንን አውቃ ኖሮ ሥጋ የሚባል ሳታቀርብ፣ ቆጮውን በጎመንና በአይብ ይዛ መጣችና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአባቴ አጎረሰችው። ሰይፉ ከበሩ ላይ ሆኖ «እማ፣ አትጨነቂ። ቃሌ ቃል ነው፤ እሄዳለሁ። ማሸነፌን ይዤ ስሄድ ግን ይለያል» አላት። በወሩ እንደሄደ ሰማን።

ስንመለስ አባቴ በአውቶቡሱ ውስጥ ተኝቶ ራሱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። እንዳይነቃ ስል እጄ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀስኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። ሁሉ ነገር የተስተካከለ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ለብርሃኑ ለብቻው ሊነግረው አስቦ ነበር። ሰኞ ከትምህርት ቤት ወደ ብርሃኑ አያት ቤት ሊሄድ በበረንዳው ሲያልፍ ግን ጠሩት። «ቲቸር፣ ፍረድልን! ቀጣዩ የሆሳዕናው ይሁን የቆሼው?» ብርሃኑ ራሱ በአረንጓዴ ቱታው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይስቅ ነበር። አባቴ ቆመ። መዋሸት አልቻለም፤ ማለፍም አልቻለም።

«ከቀጣዩ በፊት የወልቂጤው አለ» አለ። «ያን ቀን ያሸነፈው እሱ ነው። እኔ ተሳስቼ ነው የሰጠሁት።»

የጋሽ ሙዘሚል ስፌት መኪና ቆመ። አንዱ ሊያስቅ ፈልጎ «ቲቸር፣ ወልቂጤ ምን አብልተውህ ነው?» ቢለው አባቴ «ቆጮና ጎመን» ብሎ ከልቡ መለሰ። ማንም አልሳቀም። ብርሃኑ ተነሣ፤ አባቴን አንድ ጊዜ አየውና ሄደ። «ቆይ፣ ብርሃኑ!» ብሎ አባቴ ሲጠራው ሰማሁ፤ ድምፁ እንዲያ ሲሰበር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ብርሃኑ ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣም። ከቆሼው ወዛደር ጋር ገጥሞ በሁለተኛው ዙር አሸነፈ፤ ማንም አልተከራከረበትም፤ አባቴ ግን ለመዳኘት አልተጠራም። እየቆየ አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ፣ ገመዱም ተፈታ፤ ብርሃኑ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ከፈተ፤ ቱታውም አርጅቶ ቀረ። ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ ሲተላለፉ አንዱ ሱቅ የሚያይ፣ ሌላው ሰማይ የሚያይ ይመስል ነበር። አባቴ «ለአንዱ የሚገባውን ስሰጥ ሌላውን በአደባባይ ገፈፍኩት፤ ግማሹን ነው ያስተካከልኩት» ይለኝ ነበር። ግማሽ ነጥብ ለማንም የማይጨምረው ሰው ለራሱም አልጨመረም። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ ያችን ምሳ አሰብኳት! ዝም ብል ኖሮ ያ ሳቅ በአጥራችን ላይ እየተንጠለጠለ ይኖር ነበር እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ በሊጥ እጁ ፊቱን የሸፈነው ልጅ ትዝ ይለኛልና በራሴ ላይ መፍረድ ያቅተኛል።

አባቴ ሲያርፍ የለቅሶውን ድንኳን መጀመሪያ የተከለው ብርሃኑ ነበር። ማንም አልጠራውም። ሦስት ቀን ውኃ ቀዳ፣ ወንበር ተሸከመ፣ እንግዳ አስታጠበ፤ ጸጉሩ ገብስማ ሆኗል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለቅሶው ወደ ወሬ ሲላላ፣ ሽማግሌዎቹ ያን ፍልሚያ አነሡት፤ እንደ ገና ለሁለት ተከፈሉ። አንድ ያኔ ያልተወለደ ወጣት ወደ ብርሃኑ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩን፤ ማን ነበር ያሸነፈው?» አለው።

ብርሃኑ የያዘውን የውኃ ማንቆርቆሪያ አስቀመጠ።

«ቲቸር መጨረሻ ላይ እንዳለው ነው» አለ። «እኔም የዚያኑ ቀን አውቄዋለሁ። ገመዱን ይዤ ስቆም አውቄዋለሁ። መጥቼ ልነግረው ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ዘገየሁ።»

ክርክሩ በዚያው አለቀ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ብርሃኑ ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ ወደ ቧንቧው ሄደ፤ እኔም ተከትዬው ወጣሁና አጠገቡ ቆምኩ። ውኃው እየሞላ ነበር። ይህን ቃል ለመስማት ሃያ ዓመት የጠበቀው ሰው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።