በሦስተኛው እምቢልታ ቦታ

ሳክስፎን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፤ የተዋረድኩበት ግን ሰቆጣ ነው። በሁለቱም አልቆጭም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንኳ ጠዋት ካልነፋሁ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ለመኑኝ፣ አሁን ለምደውታል።

በደርግ ጊዜ ነው ሰቆጣ የተመደብኩት፤ ገና ወጣት የሙዚቃ መምህር ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ የነበረው የሙዚቃ መሣሪያ የክፍለ ጊዜ ደወሉ ብቻ ነበር። ሳክስፎኑ የራሴ ነው፤ ከኮትም ከአልጋም በፊት የገዛሁት እሱን ነው። ዳሩ ግን በበዓል ቀን ከኪነት ቡድኑ ጋር ስለምነፋ ከተማው ሁሉ የመንግሥት ንብረት ይመስለው ነበር። እኔም አላስተባበልኩም። የመንግሥት ንብረት ሲጮህ ዝም በል የሚል የለም።

የተከራየሁት ከሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ግቢ ነበር። ባልየው በጃንሆይ ዘመን እምቢልታ ነፊ ነበሩ። እምቢልታ በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ሰው አንድ ድምፅ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ይሞላል። ዜማ የሚሆነው ሦስቱ ሲቀባበሉ ነው። ድሮ በዋግ የትልቅ ሰው አስከሬን ከቤቱ የሚወጣው በእነሱ ነበር። እኔ ስለማመድ ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፈው ያዳምጡኛል፤ ሁልጊዜም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ልጄ፣ ሌሎቹ መቼ ነው የሚመጡት?»

«ብቻዬን ነኝ፣ አባባ።»

«ታሳዝናለህ» ይሉና ወደ ቤት ይገባሉ።

አንድ ቀን ጠዋት እኒህ ሰው ሞቱ። አብረዋቸው ሲነፉ የኖሩት ሁለቱ ነፊዎች እምቢልታቸውን ይዘው መጥተው ደጅ ላይ ቆሙ። ሚስታቸው፣ አከራዬ፣ ወጥተው ሁለቱን አዩ፤ በመካከላቸው የቀረውንም ቦታ አዩ።

«ለሰው ሁሉ ነፍተው እሳቸው በጎዶሎ ሊወጡ ነው?» አሉ።

ክፍሌ ገብተው ሳክስፎኔን ከነሳጥኑ አምጥተው እግሬ ሥር አስቀመጡትና «አንተ ሙላ» አሉኝ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች በአገውኛ ተመካከሩ። ስለ እኔ እንደሆነ ለማወቅ ቋንቋውን መቻል አላስፈለገኝም። ከዚያ አንጋፋው ሳክስፎኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ይሄ ሁሉ ቁልፍ ለምኑ ነው?»

«እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ አለው።»

«አንዷን ያዝ። ሌላውን አትንካ።»

የምይዛትን ድምፅ በጉሮሯቸው አሰሙኝ። ዓመታት ሙሉ ጣቶቼን ሳስሮጥ ኖሬ አንድ ድምፅ ተሰፈረልኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነበር። እምቢልታ የፊውዳል ርዝራዥ መሆኑን በስብሰባ የነገረን እሱ ራሱ ነው። ቆሞ ሦስታችንን ቆጠረ፣ ጥቂት አሰበ። ርዝራዥ የሚባለው ሦስት እምቢልታ ነው፤ ሁለት እምቢልታና አንድ ሳክስፎን ግን ኪነት ነው ብሎ ፈረደና ጋቢውን አዘቅዝቆ ከለቀስተኛው መሀል ገባ።

አስከሬኑ ወጣ። አንጋፋው ነፉ፣ ሁለተኛው ተቀበሉ፣ እኔ ሞላሁ። እስከ መንገዱ ድረስ ደህና ሄድን። መንገዱ ላይ ግን ተማሪዎቼ ተሰልፈው ቆመው ነበርና ጣቴን በላኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሰው ሞቶ እኔ መታየት አማረኝ። ተራዬ ሲደርስ ድምፄን ሰጠሁና በላይዋ ላይ አራት አምስት ድምፅ ደረብኩባት። ያማረች ነበረች፤ ዛሬም አልክዳትም።

እምቢልታዎቹ ዝም አሉ። ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ቄሶቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። አንጋፋው ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣

«መምህር፣ ሰው እየሸኘን ነው። ስንጨርስ ብቻህን ትጫወታለህ» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ከአንዷ ድምፅ ንቅንቅ አላልኩም። ተራዬን ስጠብቅ ሁለቱ ሽማግሌዎች የሚተዉልኝን ክፍተት ሰማሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለጓደኛቸው ሲተዉላቸው የኖሩት ክፍተት ነው፤ አሁንም የሚተዉት ለእሳቸው ነው፣ እኔ የገባሁበት በእሳቸው ቦታ ነው። እንባዬ በሳክስፎኑ አንገት ላይ ወረደ። እኒያን ሰው እወዳቸው እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከቀብር ተመልሰን እጃችንን ስንታጠብ አከራዬ ያመሰግኑኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ደህና ነበር» አሉ። «የሳቸው ግን ወረድ ትል ነበር።»

«ምን ያህል፣ እማማ?»

«ትንሽ።»

ያቺን ትንሽ ፍለጋ ገባሁ። ከሳክስፎን ቁልፎች በአንዱም የለችም፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ነው ያለችው፣ ከንፈር ላላ ተደርጎ በትንፋሽ ብቻ ነው የምትያዘው። ትምህርት ሲያልቅ ከከተማው ወጣ ብዬ ያቺኑ አንዷን ስነፋ አመሻለሁ። ተማሪዎቼ መምህሩ የሚያውቀው ሁሉ ጠፋበት ብለው አወሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄጄ ሳሰማቸው «ገና ነህ» ይሉኛል። ያን ያህል የተጨነቅኩበት የምረቃ ፈተና የለም።

አርባቸው ደረሰ። ሦስታችን ዳሱ ውስጥ ተቀመጥን። አከራዬ ጀርባቸውን ሰጥተውን ለቄሶቹ ጠላ ይቀዱ ነበር። አንጋፋው ነፉ፣ ሁለተኛው ተቀበሉ፣ እኔ ከንፈሬን ላላ አድርጌ ሞላሁ።

አከራዬ መቅዳቱን አቆሙ። ማሰሮውን እንደያዙ ቀና ብለው ማንም ወዳልቆመበት በር ተመለከቱና፣ በር ላይ ለተቀመጡት ሰዎች፣

«አሳልፏቸው፣ ይግቡ» አሉ።