ወደ ባዶ ሣር የዞረው አንቴና

«በእርስዎ ጥናት የተተከለው አንቴና ድምፅ የማያመጣ ሆኖ ስለተገኘና ጥናቱም በኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ በአስቸኳይ ተነቅሎ የቀድሞው ሽቦ እንዲመለስ እናሳስባለን።»

ቃል በቃል ይህ ነው። ትናንት ረፋድ ላይ፣ እዚሁ ጋምቤላ፣ ከክልሉ ቢሮ ተላላኪ እጅ ተቀበልኩት። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የመዝገብ ቁጥር አለው... የጨዋታውን ስም ብቻ አልጠቀሰም።

ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፏል። በኮምፒዩተር የምጫወት ሰው አይደለሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ ስልክ ከከተማ አይወጣም። ወደ ማታር ከተማ በሚወስደው የባሮ ወንዝ ዳርቻ ያለው ጤና ኬላ በሽተኛ ሲጠናበት ጀልባ የሚጠራው በትንሽ ሬዲዮ ነው፤ በውጭ አገር የከባድ መኪና ሾፌሮች ሲቢ የሚሉት ዓይነት። የቀድሞው ሽቦ ድምፁን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ኬላው ድረስ አይዘልቅም። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚልክ አንቴና ያስፈልግ ነበር።

እኔም ጄኔሬተር በበራ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጬ ሦስት ዓይነት አንቴና አወዳደርኩ። ባለ ሁለት ዘንግ፣ ባለ አራት ዘንግ፣ ሌላው ደግሞ ሽቦው አራት ማዕዘን ሆኖ የሚጠመዘዝ። የዘንጎቹን ርዝመት በሚሊሜትር ሲያስገቡለት፣ ፕሮግራሙ፣ ቢሮው ጨዋታ ያለው ይህንኑ ነው፣ ድምፁ የሚሄድበትን መንገድ እንደ አበባ ቅጠል አድርጎ ይስለዋል። የባለ ሁለት ዘንጉ ቅጠል ሰፊና አጭር ሆነ። የባለ አራት ዘንጉ ግን ቀጭንና ረጅም፣ ልክ እንደ ጦር። ጦሩን መረጥኩ። ከካርታ ላይ የኬላውን አቅጣጫ ለክቼ በሚያዝያ ተከልኩት። ሁለት ወር ሙሉ የኬላዋ ነርስ ኛቦል ስታስል እንኳ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ሐምሌ ገባና... ጸጥ።

ትናንት ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ፣ ኮምፓስ ይዤ ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ሄድኩ። አንቴናው አንድ ዲግሪ እንኳ አልተዛነፈም። ኬብሉን ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። የአንቴናውን ጉልበት በመለኪያ አየሁት፤ ከሚጠበቀው በላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ እንደገና ሠራሁት፤ ያው ጦር ወጣ። ሬዲዮው ግን እንደ መጥበሻ ዘይት ይንጫጫል እንጂ የሰው ድምፅ የለበትም። ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ ውጤቱ ስህተት ሲሆን ምን ይባላል? እኔ አልተማርኩትም።

የሬዲዮ ሠራተኛው ጋትሉዋክ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስደግፎ ያየኛል። የኑዌር ሰው ነው፤ ከእኔ ዐሥር ዓመት ቢያንስ ነው። እንደ ከተማው አማርኛ «አንተ» ይለኛል፤ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

«ኢንጂነር፣ ላዙረው?»

«እንዳትነካው! በዲግሪ ነው የተተከለው!»

«እሺ። ዲግሪ ይቀመጥ።»

ኮምፒዩተሩ ወዳለበት ክፍል ተመለስኩ። ሩብ ሰዓት አልሞላም... ከሬዲዮ ክፍሉ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ አንቴናው አርባ ዲግሪ ያህል ወደ ግራ ዞሯል! ካርታውን ገለጥኩ። በዚያ በኩል መንደር የለም፣ መንገድ የለም፣ ሣር ብቻ ነው። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይመጣል።

«ጋምቤላ፣ ጋምቤላ! ዛሬስ ትሰማለህ?» ኛቦል ናት። «ሁለት ቀን ሙሉ ጠራሁ! አንዲት እናት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ጀልባ ላክ!»

ጋትሉዋክ ጊዜ አላጠፋም፤ ወደ ጀልባው ሰው ላከ። እኔ ግን እጄን ራሴ ላይ አድርጌ ቀረሁ። የሬዲዮ ሞገዱ ከደመና ነጥሮ ነው? ከውሃው ነው? ማይክሮፎኑን ተቀበልኩ።

«ኛቦል፣ የት ነሽ?»

«ኬላ ነኝ።»

«ኬላው እኮ በዚህ በኩል አይደለም!»

«እዚያ ውሃ ነው፣ ኢንጂነር።»

ወደ ጋትሉዋክ ዞርኩ። ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም።

«ባሮ ሲሞላ ሰው ከብቱን ይዞ ወደ ከፍታ ይወጣል። ኬላም ከሰው ጋር ይወጣል። ነርስ እዚያ ቀርታ ማን ታክማለች? ዓሣ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?!»

«አንተ ካርታ አለኝ አልክ። ደግሞ እንዳትነካ አልክ።»

የጀልባው ሰው የት እንደሚሄድ እንኳ ሳይጠይቅ ሄደ። ለካ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ያላወቅነው እኔና ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ብቻ ነን።

እናትየዋ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሆስፒታል ደርሳለች፤ ሴት ልጅ ተገላግላለች። እኔ ግን አሁንም ግራ እንደተጋባሁ ነኝ። ስሌቱ ትክክል ነው፣ አንቴናውም ትክክል ነው። ባለ አራት ዘንጉን የመረጥኩት ግን ጤና ኬላ አይራመድም ብዬ ነበር። አሁን ያ ሰፊ ቅጠል ይሻል ነበር ወይ ብዬ እንደ አዲስ ላወዳድር ነው። ጠዋት ስመጣ ደግሞ አንቴናው ሌላ አምስት ዲግሪ ዞሮ አገኘሁት። ጋትሉዋክን ብጠይቀው «ዝናብ ነበር» ብቻ አለኝ።

ስለዚህ ቢሮው እስከ ሐምሌ 30 ድረስ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ጤና ኬላው ከሐምሌ እስከ ኅዳር በየወሩ የት እንደሚገኝ ይገለጽልኝ፤ በግምት አይደለም፣ በዲግሪ። አንቴናው ይነቀል የሚለው ትእዛዝ የሚጸና ከሆነ ደግሞ፣ መነቀሉን ለኛቦል በምን እንደምንነግራት በዚያው ደብዳቤ ላይ ይጻፍልኝ።