ማሩ ይሆናል ያልኩ ቀን

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ጁምዓ ጁምዓ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ለምንሰግደው ጓደኞቼም አልነገርኩም። ለእትዬ አስካለማ በምን አፌ! ሰው የሚናዘዘው እንዲቀለው ነው ይላሉ። እኔ እንዲቀለኝ ብዬ አልጻፍኩትም። አንድ ንጹሕ ሰው አጭበርባሪ ተብሎ ተቀብሯል፤ አጭበርባሪው ማን እንደነበር ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅ ብዬ ነው። ያ ሰው አንተ ሆነሃል፣ አንባቢዬ። ፊትህን ስለማላየው ነው የደፈርኩት፤ እሱም ያው ፍርሃት ነው።

ከድር እባላለሁ። መቱ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ የማተሚያ ሱቅ አለችኝ። ባነር፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የባጃጅ ጥቅስ፣ ስቲከር እሠራለሁ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ እዚሁ ጨርቅ ሲሸጥ ኖሮ እዚሁ የሞተ ሰው ነው። «ነጋዴ ዕቃው ቢያልቅ ያመጣል፣ ስሙ ካለቀ ግን ከየት ያመጣል?» ይል ነበር። ይህንን እየሰማሁ አደግሁ። ታዲያ ምን ጠቀመኝ?

እትዬ አስካለ የማር ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ልጅ አልተዉላቸውም፤ የተዉላቸው ታላቅ ወንድማቸውን ኦቦ ቶለሳን ነው። ኦቦ ቶለሳ ከኡካ ወዲያ፣ ጫካው ዳር የሚኖሩ፣ በትልልቅ ዛፎች ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሽማግሌ ነበሩ። ወንድማቸው ከሞተ ጀምሮ ማራቸውን ለሌላ ነጋዴ ሸጠው አያውቁም። መኪና ይዞ በራቸው ድረስ የመጣውን ሁሉ «ማሩ ባለቤት አለው» እያሉ ይመልሱት ነበር። የሟች ወንድማቸው ቤት ጭስ እንዳይጠፋበት የያዙበት መንገድ ይኸው ማር ነበር። እትዬ አስካለም ያንን ያውቁ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግሁት።

ኪውአር ኮድ የሚባለው ነገር በከተማችን ሰው አፍ የገባ ሰሞን ነው ሁሉም የተጀመረው። በየሱቁ ለክፍያ የሚለጠፈውን ሰው ለምዶት ነበር፤ ለማስታወቂያ ግን የሚጠቀምበት አልነበረም። እኔ ከኢንተርኔት ተምሬ፣ የመቱን ነጋዴ ሁሉ ላዘምን ተነሣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እትዬ አስካለ ነው። ማራቸው በጣሳ ሆኖ ከመንገደኛ ጋር ጅማም አዲስ አበባም ይሄዳል። የበላው ሰው ሲያልቅበት ከየት እንደመጣ አያውቅም። «እትዬ፣ ክዳኑ ላይ ኮድ እንለጥፋለን፤ ሰውዬው በስልኩ ካሜራ ሲያየው የእርስዎ ገጽ ይከፈትለታል፤ ይደውላል፤ በአውቶቡስ ይልኩለታል» አልኳቸው። ሳቁ። «እኔ በዚህ ዝንጉርጉር ነገር ውስጥ አለሁ?» አሉ። «አዎ፣ አሉ» አልኳቸው።

ፎቶአቸውን አነሣሁ፤ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጣሳቸውን አቅፈው። ድሮ ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፉት የነበረውን ስልክ ቁጥር እንዲተዉት የመከርኩም እኔ ነኝ። ቁጥር መጻፍ ድሮ ቀርቷል፣ ኮዱ ይበቃል፣ ስቲከሩም ያምራል አልኩ። ያኔ ተንኮል አልነበረኝም። ሥራዬ እንዲያምርልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ተንኮሉ ሲመጣ ግን በሩን ከፍቼ አቆይቼለት ነበር።

ደግሞስ ሠራላቸው! ከማያውቁት አገር ይደወልላቸው ጀመር። ገበያ መሀል ስልካቸውን ከፍ አድርገው «እዚህ ነኝ፣ መቱ ነኝ» ሲሉ ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። በሱቄ ባለፉ ቁጥር ይመርቁኛል። ኦቦ ቶለሳም አንድ ቀን ከኡካ መጥተው ሱቄ ገቡና ስቲከሩን ገልበጥ አድርገው አዩት። «ንቧ ይህንን ብታይ ትስቃለች» ብለው ወጡ።

በዚህ መሀል ሚስቴ ሰሚራ ማር መነገድ ጀመረች። ከእዚሁ ከኢሉባቦር ቡሬ ታመጣለች፣ ጣሳ ትገዛለች፣ ስቲከር ትለጥፋለች፣ ሰው ግን አይመጣላትም። ማታ ማታ ጣሳዎቹን እየወለወለች መልሳ ትደረድራለች። አንድ ቀን «ለሰው ሁሉ ገበያ ታመጣለህ፣ ለእኔ ሲሆን እጅህ ያጥራል» አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ አፈርኩ። ሐፍረቴን ይዤ ሱቄ ገባሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። ኮዱ አንዴ ከታተመ አይለወጥም፤ ወደየት እንደሚወስድ የሚወስነው ግን የሠራው ሰው ነው። የእትዬ አስካለ ኮድ በእኔ እጅ ነበር። ቁጭ ብዬ ለሰሚራ ማር ሌላ ገጽ ሠራሁ። «የኢሉባቦር የጫካ ማር» ብዬ ጻፍኩበት፤ ስልኩን የራሴን አደረግሁ። ከዚያ የእትዬ አስካለን ኮድ ወደዚያ አዞርኩት። ሻይ አፍልቶ ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ለዚህ ሳምንት ብቻ አልኩ። ሰሚራ ገበያ እስክትለምድ አልኩ። እትዬ የቆየ ደንበኛ አላቸው አልኩ። ምክንያት መች ይጎድለኛል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ አስካለ በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ማራቸው ላይ፣ የእኔን ሚስት ማስታወቂያ ሲለጥፉ ዋሉ። ስቲከሩ ሲያልቅባቸው እየመጡ እኔው አትምላቸው ነበር። ይመርቁኝም ነበር። ምርቃቱን እቀበል ነበር፤ አሜን እል ነበር።

ሰው ወደ እኔ መደወል ጀመረ። «ከአዲስ አበባ ደንበኛ አገኘሁልሽ» ስላት ሰሚራ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በራሷ ማር ጥራት የመጡ መሰላት። አንዲት ሴትዮ ግን ስልኬ ላይ፣ «እትዬ ራሳቸው ደህና ናቸው? ፎቶአቸው የት ሄደ?» አለችኝ። ምን አልኳት? «ደህና ናቸው፤ አርጅተዋል፤ ሥራውን ለልጃቸው ሰጥተዋል» አልኳት። እትዬ አስካለ ልጅ የላቸውም። ለመካን ሴት በውሸት ልጅ ወለድኩላቸው፤ ያንን ልጅም እኔው ሆንኩ።

ሳምንቱ ወር ሆነ። እትዬ አስካለ ሱቄ መጡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እንደወትሮው አልመረቁኝም። «ልጄ፣ ሰው ምነው ተወኝ? ምን በደልኩት?» አሉኝ። ያ ሰዓት የመመለሻዬ ሰዓት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ያለ ሰዓት አላገኘሁም። ኮዱን እዚያው ፊታቸው አዙሬ፣ ተበላሽቶ ነበር ብል ያምኑኝ ነበር። እኔ ግን ስልኬን አውጥቼ፣ አስቀድሜ ያስቀመጥኩትን የድሮ ገጻቸውን ከፍቼ አሳየኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ጣሳ አቅፈው አሉ። «ኮዱ ይሠራል እትዬ» አልኩ። ፎቶአቸውን ትክ ብለው ሲያዩት ፈራሁና ጨመርኩበት፦ «ማሩ ይሆናል።»

ማሩ ይሆናል። እኔ ነኝ ያልኩት። ያደረስኩትን ሁሉ ብትዘረዝረው ከዚህች ቃል ነው የሚነሣው። በእኛ አገር ማር ተጠላ ከተባለ አንድ ነገር ነው የሚታሰበው፦ ስኳር ገብቶበታል። እትዬ አስካለ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። «ቶለሳ?» አሉ ለራሳቸው። አይ፣ እሳቸው አያደርጉትም ማለት እችል ነበር። አንገቴን ደፍቼ መቀሴን መፈለግ ያዝኩ።

እትዬ አስካለ ኡካ ወረዱ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ብቻ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ደረሰና፣ ስለ ኮዱ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ እኔም ተጠራሁ። ሄድኩ። ምን ዓይነት ሰው ይሄዳል? እኔ ሄድኩ። የኦቦ ቶለሳ ግቢ ውስጥ፣ ዋንዛ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ኦቦ ቶለሳ ከቀፎ የወረደ ማር ከነሰፈፉ በገበታ አቅርበው ነበር። «ያ አስካለ፣ ቅመሽ» አሏቸው፣ በኦሮምኛ አጠራር። እትዬ አስካለ ቀመሱና «የዛሬው ደህና ነው፤ የላክልኝ ነው እንጂ» አሉ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ይህ ዕቃህ ይዋሻል?»

«ኮድ አይዋሽም አባባ» አልኩ። እንዲህ አልኩ። ኮዱማ አልዋሸም፤ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው።

ከዚያ ኦቦ ቶለሳ እንዲምሉ ተጠየቁ። በአገሩ ወግ ሰው ከማለ ነገሩ ያልቃል፤ እትዬም ያምናሉ፤ ታርቀው አብረው ይበላሉ። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው። እሳቸው ግን ገበታውን አዩ፣ የወንድማቸውን ሚስት አዩ፤ ዓይናቸው ውኃ ሞላ። «ሂን ከከዱ» አሉ። አልምልም ማለታቸው ነው። «በወንድሜ ሚስት ፊት፣ ለማር ብዬ? አልምልም። ይህን ሁሉ ዘመን ያበላሁት ካልማለልኝ፣ አፌ ምን ይምላል?»

ኩራት ነበር። የንጹሕ ሰው ኩራት። እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ግን እንደዚያ አልሰማውም። መሐላ የፈራ ሰው እውነት የለውም አለ፤ በአፉ ባይለውም በዓይኑ አለ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ። እኔም ተከትያቸው ተነሣሁ። በሚኒባሱ ወደ መቱ ስንመለስ አለቀሱ፤ ውኃ ገዝቼ ሰጠኋቸው። ውኃ ገዛሁላቸው! እስከዛሬ ይህቺ ነገር ከሌላው ሁሉ ብሳ ታስጠላኛለች።

ኦቦ ቶለሳ ከዚያ በኋላ ዛፍ አልወጡም። ቀፎዎቹ እላይ እንደተሰቀሉ ቀሩ። ማር የጠየቃቸውን ሁሉ «እኔ ማር የለኝም» ይሉ ነበር አሉ። አገሬው ገበያ ላይ ሲያያቸው ድምፁን ይቀንስ ነበር። ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ ሞቱ። በምን ሞቱ ብትለኝ ልነግርህ አልችልም፤ አርጅተው ነበር፣ ታመውም ነበር። ግን በምን ስም ሞቱ ብለህ ብትጠይቀኝ መልሱ አለኝ። እትዬ አስካለ ለቀብሩ አልሄዱም። ቀን ሙሉ ሱቃቸውን ዘግተው ተቀመጡ እንጂ አልሄዱም። እኔ ሄድኩ። አፈር መለስኩ።

ከቀብሩ መልስ ሱቄ ገብቼ ኮዱን ወደ እትዬ አስካለ መለስኩት። አንባቢዬ፣ ቢያንስ ይህን አደረገ እንዳትለኝ። ጆሮህን ስጠኝና ስማኝ፤ የከፋው ያ ነው።

ስልካቸው እንደገና መጮህ ጀመረ። ከጸቡ ወዲህ ማር የሚገዙት ከሌላ ሰው ነበር። የድሮ ደንበኞች ተመለሱ፤ ያቺም ሴትዮ ደወለች መሰለኝ። የሰሚራ ገበያ ወረደ፤ እሷ የአላህ ሥራ ነው ብላ ተቀበለችው፤ እኔን እያጽናናች። እትዬ አስካለ ደግሞ አንድ ጠዋት እየሮጡ ማለት ይቻላል ሱቄ ገቡ። ፊታቸው በርቷል። በርጩማው ላይ እንኳ አልተቀመጡም።

«አየህ ከድር ልጄ!» አሉ። «ሰው ተመለሰ! ከእሱ ማር ስርቅ፣ እስኪያምነኝ ቢዘገይም፣ ተመለሰ። እኔ እኮ፣ ሳይምል የሞተው ነገር፣ ልቤን ይበላኝ ነበር። ምናልባት በድዬው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እሱ ነበር። ለካ እሱ ነበር!»

ጥርጣሬ ነበራቸው። ሰምተኸኛል? ኦቦ ቶለሳ በዚህ ዓለም የቀራቸው ንጹሕ ነገር ያ የእትዬ አስካለ ጥርጣሬ ብቻ ነበር፤ ኮዱን ስመልስ እሱንም ወሰድኩባቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ያጠራሁት ውሸቱን ነው። ያኔ ብናገርስ? ሴትዮዋ ያንን የበራ ፊት ይዘው ወዴት ይሄዳሉ? ወደ መቃብሩ? እንዲህ እያልኩ ለእሳቸው ያዘንኩ መሰለኝ። ለእሳቸው አይደለም። ውሸቴን ነው። ሱቄን ነው የፈራሁት፣ ሰሚራን ነው የፈራሁት፣ ገበያው ስሜን እንዳያነሣ ነው።

ከዚያ አዲስ ስቲከር እንዳትምላቸው ጠየቁኝ። ፎቶው ይቅር፣ ኮዱ እንዳለ ይሁን፣ ከሥሩ ግን በትልቁ ጻፍልኝ አሉ። ምን ብዬ ስላቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። «ስኳር ያልነካው» በልልኝ አሉ። ሰው ይወቅ አሉ።

አተምኩት። በጥሩ ፊደል፣ በቀይ አተምኩት። ጣሳው በሄደበት ሁሉ ያ ሽማግሌ ይከሰሳል፤ ከሳሹም እኔ ነኝ፣ ምስክሩም እኔ ነኝ። ይቅርታ አልጠይቅህም፤ አንተ ይቅር ብትለኝ ለእሳቸው ምን ይሆናቸዋል? ይህን ጽፌ ስጨርስ ሱቄን እከፍታለሁ። እትዬ አስካለ ስቲከሩ አልቆባቸዋል፤ ጠዋት እመጣለሁ ብለውኛል።