ከእኛ ቤት እስከ አዴ ፋጡማ አልጋ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሜሮን ገመድ አልባ ስፒከሮች ገዝታ መጣች። አንዱን ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ሌላውን ከሶፋው ጀርባ አስቀመጠችና «እማዬ፣ እዚህ ጋ ሶኬት የለም እንዴ?» አለችኝ።

«ገመድ አልባ ከሆነ ሶኬት ምን ያደርግለታል?»

«ያለ ገመድ የሚመጣው ድምፁ ነው እንጂ መብራቱማ ከግድግዳ ነው» ብላ ሳቀች። በባትሪ የሚሠራም አለ፤ እሱም ቻርጅ ሲደረግ ገመድ አይቀርለትም አለች። እሷ ስታስረዳኝ እኔ ልቤ ድሬዳዋ ገብቶ ነበር።

የደርግ ጊዜ ነው፤ ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ቤታችን መብራት ገብቶለታል፤ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮም ነበረን። ከጠባቧ መንገድ ማዶ አዴ ፋጡማ ትኖር ነበር። አዴ የምንለው ትልቅ ሴት ስናከብር ነው፤ ቢሆንም ድሬ ነውና አንቱታ የለም፣ «አንቺ» ነበር የምንላት። ባሏ ዩሱፍ ከሞተ ወዲህ ቀፊራ ገበያ ፈጢራ እየጠበሰች ነው አንድ ልጇን አህመድን ያሳደገችው። አህመድ ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ገባና ወሬው የሚደርሳት በእኛ ሬዲዮ ሆነ። አመሻሽ ላይ ከጅቡቲ በሚተላለፍ የሶማልኛ ፕሮግራም ሰዎች ለዘመዶቻቸው ሰላምታ ይልካሉ። አዴ ፋጡማ መግሪብ ሰግዳ ትመጣና ሬዲዮው ሥር ትቀመጣለች። አንዳንዴ የአህመድ ስም ይጠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይጠራም።

በክረምት፣ ዝናብ ድንገት ወርዶ መንገዱን ጭቃ ባደረገበት ቀን፣ ደጃፏ ላይ ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰበረ። አልጋ ያዘች። አባቴ «ከነአልጋሽ ተሸክመን እናምጣሽ» ቢላት፣ «በሰው ትከሻ የምወጣው ስሞት ነው» ብላ እምቢ አለች። ሬዲዮውን እንዳንወስድላት ቤቷ መብራት የለውም።

መላ ያገኘው ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር አውጥቶ በብስኩት ጣሳ ውስጥ ገጠመ፤ ከቀፊራ ቀጭን ሽቦ ገዛ። እኔ እያቀበልኩት ሽቦውን ከሬዲዮአችን ጀርባ አንሥተን በመስኮት አወጣነው፤ ከአጥር አጥር አሻግረን እስከ አዴ ፋጡማ ራስጌ አደረስነው። የዚያን ምሽት ድምፁ ጣሳውን እያንቀጠቀጠ ሲወጣ እጇን ላዩ ላይ አሳርፋ ሳቀች።

«ዋይ ጌታቸው! ጅቡቲን አልጋዬ ድረስ አመጣህልኝ እኮ!»

በዚያ ሙቀት ሰው ሁሉ ምሽቱን ደጅ ነው የሚያሳልፈው፤ ሽቦውን ያላየ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ የአብዮት ጥበቃዎች መጡ። ከፊት የነበረው ሽቦውን በእጁ እየተከተለ ገባ።

«ይሄ የት ነው የሚሄደው?»

«ጎረቤታችን ጋ» አልኩት። «ታማ ተኝታለች፤ ሬዲዮ እንድትሰማ ነው።»

«የየት አገር ሬዲዮ?»

ጌታቸው ከጓዳ ወጣና «የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ እሷን ተዋት» አለ። ወደ ውጭ ወሬ ማስተላለፊያ ነው ብለው ሽቦውን በጣጠሱ፤ ጣሳውንም ከአዴ ፋጡማ ራስጌ አንሥተው ጌታቸውን ከነጣሳው ወሰዱት። በዚያ ዘመን ቀበሌ ገብቶ ሳይመለስ የቀረ ብዙ ነበር። እናቴ ያን ሌሊት ጋደም እንኳ አላለችም።

በነጋታው አዴ ፋጡማ የሰፈሩን ጎረምሶች አስጠራችና «አልጋዬን አንሡ» አለች። በዚያ ፀሐይ ተሸክመው ወሰዷት። እኔ ፊቷን በሻሽዋ እየከለልኩ አጠገቧ ሄድኩ። አልጋው በተነቃነቀ ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ቀበሌው በር ላይ ስትወርድ ሰው ተሰበሰበ፤ ሊቀመንበሩም ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሬዲዮው ለእኔ ነው የሚያወራው። እኔን እሰር፣ ልጁን ፍታ። አቦ፣ እግር የለኝ፣ የት እሸሻለሁ?»

ሊቀመንበሩ ጣሳውን አስመጥቶ አገላበጠው። ከዚያ አልጋውን አየ፤ ከዚያ ሕዝቡን። ሽቦ ሁለተኛ እንዳይዘረጋ አስጠንቅቆ ጌታቸውን ለቀቀው። ወንድሜ ፊቱ አብጦ ወጣ። ማን እንደመታው ስንጠይቀው «ውኃ ስጡኝ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ጆሮዬን ሬዲዮው ላይ ለጥፌ የማዳምጠው እኔ ሆንኩ። ሶማልኛ ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት የለመድኩት ነው። አባቴ እያየ እንዳላየ ያልፈኛል። በአንዱ ምሽት የአህመድ ስም ተጠራ። መልእክቱ እንዳይጠፋብኝ ጮክ ብዬ እየደጋገምኩ፣ ጫማዬን ሳላጠልቅ መንገዱን ተሻገርኩ።

«አዴ ፋጡማ! ለአህመድ ወንድ ልጅ ተወለደለት! በአባቱ ስም ዩሱፍ አለው!»

ሻሽዋን ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች። ከውስጡ «እንደገና ንገሪኝ፤ እሱ እንዳለው አድርገሽ» አለችኝ። በሶማልኛ፣ ቃል በቃል ነገርኳት። ደግሜ፣ ደጋግሜ ነገርኳት።

በኋላ በምርኩዝ መሄድ ችላለች፤ የልጅ ልጇን ግን ሳታይ አረፈች። አህመድን ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም። ሜሮን ሶኬት ስትፈልግ ስለዚያ ሕፃን ነበር የማስበው። በሕይወት ካለ ዛሬ ልጆች ያሳደገ ትልቅ ሰው ነው። አያቱ መወለዱን የሰማችው ከማን እንደሆነ የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም።