ሰው የቆመበት ግንብ

ትናንት ቢሮ ውስጥ ለደንበኛ የምናሳየውን የሕንፃ ሞዴል የምትሠራው ልጅ የግቢያችንን የድንጋይ አጥር በስልኳ አነሣችውና፣ ፊት ለፊቱ የቆሙትን ዘበኛ በጣቷ ነካ አድርጋ አጥፍታ፣ ባዶውን ግንብ አትማ ካርቶኑ ላይ ለጠፈችው። ከማተሚያው የወጣው ትኩስ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ንድድ አልኩ። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ግራ ገባት። ምንም አላጠፋችም፤ እኔን ያናደደኝ የሥራዋ መቅለል ነው።

ንፋስ መውጫ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሥነ ጥበብ መምህራችን የሕንፃ ሞዴል እንድንሠራ አዘዙን፤ የተመረጠው ደብረ ታቦር ለኤግዚቢሽን ይሄዳል ተባለ። ደብረ ታቦርን አይቼ አላውቅም ነበርና በጉጉት እንቅልፍ አጣሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የሰፈራችንን ሚካኤል መረጥኩና ክቡን ግድግዳ ከሳሙና ካርቶን አጠፍኩት፤ ድንጋዩን ግን በከሰል ብሥለው ብሥለው የዝንጉርጉር ላም ቆዳ እየመሰለ አስቸገረኝ። መምህሩ ይህን አይተው፣ "ግንቡን ፎቶ አስነሣውና በፎቶ ኮፒ አባዝተህ ለጥፈው፤ እውነተኛ ይመስላል" አሉኝ።

ለሚካኤል ንግሥ ፎቶ አንሺው ጋሽ ደሴ ካሜራቸውን አንግተው ሲመጡ እናቴን ለምኜ አንድ ፎቶ አስፈቀድኩ። ግንቡን ብቻ እንዲያነሡልኝ ብነግራቸው፣ "ፊልም በድንጋይ ላይ አላባክንም፤ ሰው ይቁምበት!" ብለው ድርቅ አሉ። ይህን የሰሙት አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው መጡና መሐል ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። በጎልማሳነታቸው ያንን ድንጋይ ከወንዝ በጫንቃቸው ያመላለሱ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በፊት ግን ፎቶ ለመነሣት ሲጓጉ አላየኋቸውም።

"አባባ፣ እባክዎ ዞር ይበሉልኝ፤ እኔ የምፈልገው ግንቡን ነው።"

"ሚካኤልን ወና ልታስመስለው ነው? አታሟርት!" አሉና እንዲያውም ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ክብ ግድግዳ ደግሞ አንድ ኮፒ አይበቃውም። ኮፒዎቹን ዙሪያውን ስደረድራቸው አባቴ በየስንዝሩ ብቅ ብቅ አሉ፤ ሁሉም ጋቢ የለበሱ፣ ሁሉም ደረታቸውን የነፉ፣ ሁሉም ራሳቸው ጣሪያ ሊነካ ጥቂት የቀረው። በምላጭ እየቆረጥኩ አወጣኋቸው። ቀዳዳውን ከዳር በተረፈ ወረቀት ብደፍነው የድንጋዩ መስመር አልገጥም አለ፤ የዱቄት ሙጫው ወረቀቱን አጨማደደው፤ ላቃናው ስል ተቀደደ። መምህሩ አገላብጠው አዩትና፣ "ይህ ግንብ ፈንጣጣ ወጥቶበታል" ሲሉ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ደብረ ታቦር የሄደው ከጭቃ የተሠራ ትምህርት ቤት ሆነ። ዋናውን ፎቶም መምህሩ ለከርሞ ተማሪዎች ማሳያ ይሆናል ብለው ያዙት፤ ከርሞ ሳይደርስ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩና ፎቶውም አብሯቸው ሄደ።

ሞዴሉን ይዤ ቤት ስገባ አባቴ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና ቀስ እያሉ አዞሩት፤ ደግመውም አዞሩት።

"እኔ የታለሁ?" አሉ።

በንዴት ደብተሬን መደቡ ላይ ወርውሬ ወደ ደጅ ወጣሁ። እሳቸውም ሞዴሉን ቆጥ ላይ አኖሩልኝ፤ ክረምቱን አይጥ ለሙጫው ሲል በላው።

ዛሬ ያ ግንብ ፈርሶ በቦታው የብሎኬት ሕንፃ ቆሟል። አባቴ ያረፉ ጊዜ ለቅሶው ላይ የሚቀመጥ ፎቶ ሲፈለግ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ በቤቱ የኅትመት ነገር ያውቃል የሚባለው እኔ ነኝና። የተገኘው የቀበሌ መታወቂያቸው ብቻ ነበር። የማኅተሙ ሐምራዊ ክብ ግማሽ ጉንጫቸውን ሸፍኖታል፤ ኮምፒውተር ላይ ማኅተሙን ላስለቅቅ ስታገል ፊታቸውም አብሮ እየለቀቀ እምቢ አለኝ። መላ ሳጣ እንዳለ አጉልቼ አተምኩት። ከጀርባቸው ነጭ ጨርቅ ነው፤ አንድ ድንጋይ እንኳ የለም።